ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ትቶ ለምን በእጁ ይጽፋል?

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳርና ደም ግፊት ስላለባት ለክትትል ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል አብሬያት እመላለሳለሁ። ባለፈው ቀጠሮ ካርዷ ከካርድ ክፍል ጠፍቶ ግማሽ ቀን ጠበቅን። ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ቢኖርም እሱ ግን አዲስ ወረቀት አውጥቶ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጠየቃት። ሐኪሞች የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ እንዳይጠቀሙ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሐኪሞች ለውጥ አይወዱም» የሚል ነው፤ እኛ ግን ይህን ፍርድ አንቀበለውም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ለሥራው እንደሚጠቅመውና አጠቃቀሙም እንደማያደክመው ሲያምን መሆኑን፣ ከሁለቱም ጥቅሙ እንደሚያመዝን አሳይተዋል።

ተመላላሽ ክፍሉን ያስቡት። ኮሪደሩ በታካሚ ተሞልቶ ሳለ ሐኪሙ በወረቀት የጻፈውን መልሶ በኮምፒውተር እንዲያስገባ ከተጠየቀ፣ መዝገቡ ለሕክምናው ሳይሆን ለሪፖርት የተዘጋጀ ይመስለዋል፤ በዚያ ላይ መብራት ሄዶ የጻፈው ከጠፋበት በማግስቱ ወደ እስክሪብቶው ቢመለስ አይፈረድበትም። በአንጻሩ የእናትዎ የስኳር ውጤቶች በቀን ቅደም ተከተል ተደርድረው ቢታዩት፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ከመጨመሩ በፊትም የኩላሊት ምርመራቸውን እዚያው ቢያገኝ፣ ማንም ሳይገፋው ይጠቀምበታል። ሲኒየር ሐኪሙ በራውንድ ላይ፣ ማለትም የተኙ ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ፣ ውጤቱን ከስክሪን የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ በሥልጠና ላይ ያሉት ሬዚደንቶቹም ኢንተርኖቹም ይከተሏቸዋል።

ገንዘብም ይገፋል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ መዝገቡን ለሚጠቀሙ ሐኪሞች የማበረታቻ ክፍያ በመስጠቷ ሥርጭቱ ፈጥኗል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው የወጣ ጥናት ሐኪሞች ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ ሰዓት ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ በመዝገብና በጽሕፈት ሥራ እንደሚያጠፉ አመልክቷል። ስለዚህ ኮምፒውተር ገዝቶ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ወረቀቱ በእርግጥ ሊቀር፣ ሐኪሙም ቅጹ ሲዘጋጅ ሊጠየቅ፣ ሲስተሙ ሲቆም የሚደርስለት ባለሙያም በሥራ ሰዓት እዚያው ሊገኝ ይገባል።

እስከዚያው የእናትዎን የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒት ማዘዣና የላቦራቶሪ ውጤቶች በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ፤ ካርዱ ቢጠፋም ሐኪሙ ከባዶ አይጀምርም።