ኤን ስትነኪ ለምን ወደ ላይ ይወስድሻል

ሰላም እህቴ፣ «ቪም (የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራሙ) ላይ ቃል ፈልጌ ኤን (n) ስነካ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ ይወስደኛል፤ አማርኛ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል» ላልሽው፣ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

ኤን የሚሄደው ፍለጋውን በጀመርሽበት አቅጣጫ ነው። ስላሽ (/) ወደ ታች ይፈልጋል፣ የጥያቄ ምልክት (?) ወደ ላይ፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ቁልፍ ላይ ናቸው፤ ጣትሽ ሺፍት ላይ ከቆየ ሳታውቂው ወደ ላይ እየፈለግሽ ነው። ያኔ ወደ ታች የሚወስድሽ ትልቁ ኤን (N) ነው። ስትጠራጠሪ የስክሪኑን የመጨረሻ መስመር እይው፣ የትኛውን እንደነካሽ ተጽፏል። ፋይሉ ሲያልቅም ከራስጌ እንደሚጀምር አትርሺ።

አማርኛው ላይ ግን ብዙ ተቃጥያለሁ። አጎቴ ከባሕር ዳር ዘጌ ጀልባ ይነዳል። ለእንግዶች የሚያነበውን የገዳማት ማብራሪያ ሦስት ሰው ተቀባብሎ የተየበው ስለነበር «አስተካክልልኝ» ብሎ ሰጠኝ። «ኪዳነ ምሕረት» ብዬ ብፈልግ 4 ቦታ ብቻ! ለካ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በሃሌታው ሀ ነው የጻፈው። የከተማችን ስም እንኳ ባህር ዳርም ባሕር ዳርም ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው ም[ህሕኅ]ረት ብዬ ነው፤ የናርጋውን ገዳም ደግሞ [ስሥ]ላሴ። ቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደሎች አንዱ ከተገኘ ይበቃዋል።

ዝም የሚልሽ በኪቦርዱ ነው። ቃሉን በአማርኛ ጽፈሽ ኢንተር ካልሽ በኋላ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። አለዚያ ኤን ስትነኪ ለቪም የሚደርሰው «ን» ነው፣ እሱ ደግሞ ትእዛዝ አይደለም።

ሁሉንም በአንዴ መቀየር አልደፍርም፤ የአጎቴ ጽሑፍ ውስጥ ምህረት የሚባል የሰው ስምም ነበረበት፣ የሰው ስም ደግሞ እንደ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ላይ ሲ፣ ጂ፣ ኤን (cgn) በተከታታይ ነክቼ ትክክለኛውን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ኤስኬፕ። ቀጥሎ ኤን እያልኩ አያለሁ፤ መቀየር ያለበት ላይ ያንኑ ለውጥ ለመድገም ነጥብ (.) መንካት ብቻ፣ የሰው ስም ሲሆን በኤን ማለፍ። (ኤስኬፕ ካልሽ በኋላም ኪቦርዱን መመለስ እንዳትረሺ፣ እኔ እስከዛሬ እረሳለሁ።)

ኤን ስትደጋግሚ የነበርሽበት ከጠፋሽ ኮንትሮል ኦ ወደ ኋላ ይመልስሻል። የተገኙት ቃላት ላይ የሚበራው ቀለም ዓይንሽን ካስቸገረሽ ኮለን (:) ብለሽ ኤን፣ ኦ፣ ኤች (noh)፣ ከዚያ ኢንተር፤ እንደገና ፍለጋ እስክትጀምሪ ድረስ ይጠፋል።