«ብሎክ ባደርገው ያውቃል ወይ?»

ባለፈው ሳምንት ማታ፣ 4 ሰዓት አካባቢ፣ በቴሌግራም አንድ መልእክት ገባልኝ። ላኪዋ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ከያዘች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ሲቪዋን አንድ ሁለቴ አይቼላታለሁ። ሰላምታም አላበዛችም። «ጋሼ፣ ሊንክድኢን ላይ አንድ ሰውዬ ብሎክ ባደርገው ያውቃል ወይ?» አለች። ሊንክድኢን ሠራተኛና አሠሪ የሚተዋወቁበት የኢንተርኔት መድረክ ነው፤ ብሎክ ማለት ደግሞ ሰውዬው ላይ በር መዝጋት።

«አያውቅም፤ ምንም ማስታወቂያ አይደርሰውም» ብዬ ጻፍኩላትና ስልኩን ትራስጌ አድርጌ ተኛሁ። ተኛሁ ስል ጋደም አልኩ ማለቴ ነው። እንቅልፍ የሚባለው ነገር እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ነገሩን ዘረዘረችልኝ። ሰውዬው ለኢንተርንሺፕ በወጣችበት መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊዋ ነበር። መጀመሪያ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ሰነባብቶ «ፎቶሽ ያምራል»። ቀጥሎ «አዲስ አበባ ስትመጪ ቡና ልጋብዝሽ»። በመጨረሻ እኩለ ሌሊት ላይ «ለምን ዝም ትያለሽ? አረንጓዴው እየበራ ነው እኮ»፤ ገጿ ክፍት መሆኑን የምታሳየውን አረንጓዴ ነጥብ ማለቱ ነው። ያስጨነቃት ሌላ ነው፤ ገጿ ላይ ካሉት ሁለት ሪኮመንዴሽኖች፣ ማለትም የምስጋና ምስክርነቶች፣ አንዱን የጻፈላት ይኸው ሰው ነው። ብሎክ ካደረገችው እሱም አብሮ እንደሚጠፋ ሰምታለች። እውነቷን ነው፣ ይጠፋል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን የእሷ ሰውዬ አይደለም።

የሠራሁት ፐርሶኔል ነው። ዛሬ «የሰው ሀብት» ብለው ከፍ አድርገውታል፤ ሥራው ያው ነው፣ ፋይልና ሰው። በ1986 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የአስተዳደርና ፐርሶኔል ኃላፊ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም። ሁለት የውጭ መስመርና አሥራ ምናምን የውስጥ ስልክ ነበረን፤ ሁሉም የሚያልፈው በኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል በተቀመጠ አሮጌ ስዊችቦርድ በኩል ነው። ኦፕሬተሯ ከመንዝ፣ ከሞላሌ የመጣች የ22 ዓመት ልጅ ነበረች።

የኅዳርን የደብረ ብርሃን ጠዋት የማያውቅ ሰው ያችን ክፍል ሊያያት አይችልም። በበሬሳ ወንዝ ዳር ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ፀሐይ ወጥታም እስከ 3 ሰዓት ድረስ እጅ አይታዘዝም። ልጅቷ ጋቢዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ ጣቶቹ የተቆረጡ የሱፍ ጓንት አጥልቃ ትቀመጥ ነበር። ጥሪ ሲመጣ ከሰሌዳው ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን ቀጭ ብላ ትወድቃለች። ጫፉ ናስ የሆነውን ገመድ ቀዳዳው ውስጥ ትሰካና «አቤት!» ትላለች። «አቤት» አባባሏ እስካሁን ይሰማኛል፤ ስትጠራ ሳይሆን ስትመርቅ ይመስል ነበር።

አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ ነበረን፤ ትልቅ ደንበኛ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይደውላል። ሥራ አስኪያጁን አነጋግሮ ሲጨርስ መስመሩን አይለቅም፤ ወደ እሷ ይመለሳል። አንድ ቀን ቢሮዬ መጣች። አልገባችም፣ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ አስቸገረኝ።»

«ምን አለሽ?»

ወለሉን አየች። «የማይሆን ነገር ነው የሚለኝ።»

እኔ የወር ደመወዝ መዝገብ ላይ ነበርኩ። ቀና ብዬ እንኳ በደንብ ያየኋት አይመስለኝም። «ሳቅ እያልሽ እለፊው፤ ደንበኛ ነው» አልኳት። «እሺ» ብላ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ ተቆጣ። ደንበኛው «ስልክ ይዘጋብኛል» ብሎ ከሷል። ላጣራ ብዬ በማግስቱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከክፍሏ በር ጎን ቆምኩ። ክዳኗ ወደቀች። ሰካች። «አቤት» አለች። አዳመጠች። ጆሮዋ ሥር እስኪቀላ ድረስ አየሁ። ከዚያ ገመዱን ነቀለችው። አልበረገገችም፣ አልተጣደፈችም፤ ነቀለችና እንደ ፈትል ጠቅልላ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ክዳኗ እንደገና ወደቀች። ተወቻት። ሦስተኛ ወደቀች። ሁለት እጇን ጋቢዋ ውስጥ ከትታ ዝም ብላ ታያት ነበር።

ዛሬ ጣታችሁን በስልክ መስታወት ላይ አሳርፋችሁ የምታደርጉትን ነገር ያች ልጅ በገመድ አደረገችው። እኔም በዓይኔ በብረቱ እያየሁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኋት። «ከደንበኛ ጋር በሚደረግ የስልክ ግንኙነት ተገቢ ያልሆነ ጠባይ በማሳየትዎ…» የሚል ነው፤ አረፍተ ነገሩን ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት፣ ጸሐፊዋ «ሥነ ምግባር» ብላው «ጠባይ» ይሻላል ብዬ። ለመቀበሏ ስትፈርም እስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍ አላት። አፏ ጋ አድርጋ እፍ፣ እፍ አለችበትና ፈረመች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

በእጄ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 42/85 ነው፤ በቃሌ ልወጣው ምንም አይቀረኝም ነበር። «ትንኮሳ» የሚባል ቃል ግን በዚያ ቢሮ ውስጥ ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ይኼን የምላችሁ ለሰበብ አይደለም። ወይም ትንሽ ለሰበብ ነው።

መጋቢት ላይ ለቀቀች። የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ጠየቀች፣ ጽፌ ሰጠኋት፤ የሥራዋ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኗ፣ ደመወዟ፣ ማኅተም። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይኼን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ከወር በኋላ ከሸዋ ሮቢት አንድ ሰው ደወለ። ሊቀጥሯት ነው። «ሥራ ላይ እንዴት ናት?» አለኝ። «ጎበዝ ናት።» «ጠባይዋስ?» እኔም፣ «ደንበኛ ላይ ስልክ ትዘጋለች» አልኩት። ሐሰት አልተናገርኩም። ሰውዬውም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለ። መስመሩን ያገናኘኝ በእሷ ቦታ የገባው ልጅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያገኘኋት አንዴ ነው፤ ሐምሌ ላይ፣ ደብረ ሲና አውቶቡስ ላይ። የጣርማ በርን የክረምት ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በቀትር መብራት በርቶ ነው የሚኬደው። ያን ዕለትም ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ከፊት ከፊት እየሄደ በፉጨት ይመራ ነበር። አባቴ ጣሊያን የሠራውን ያንን ዋሻ ሲያልፍ ሁሌ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፣ አሁን የሚነግረኝ የለም። ብቻ እሷ ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት ተቀምጣለች። «ሰላም ነሽ?» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና ወደ መስኮቱ ዞረች። በመስኮቱ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ደብረ ብርሃን እስክንገባ እንዲያ እንደሆነች ቀረች። ሸዋ ሮቢት ሥራው እንደቀረባት ያወቅሁት በኋላ፣ ከአጎቷ ነው።

እንግዲህ ለጠየቀችኝም ላልጠየቃችሁኝም፦ ብሎክ አድርጉ። አስቀድማችሁ ግን የጻፈውን ሁሉ ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ። ሪፖርት የሚለውንም አትዝለሉት። ብሎክ ስታደርጉ ግንኙነታችሁ ይቋረጣል፣ መልእክት መላላክ ይቀራል፣ የጻፈላችሁ ሪኮመንዴሽንና ለችሎታችሁ የሰጣችሁ ማረጋገጫ (ኢንዶርስመንት) ይሰረዛል። ከፍታችሁ ልትመልሱት ብትሞክሩ ግንኙነቱ በራሱ አይመለስም፤ እንደገና ልዝጋው ብትሉ ደግሞ 48 ሰዓት ያስጠብቃችኋል። ስለዚህ ተናዳችሁ ዘግታችሁ አዝናችሁ አትክፈቱ። ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ገጻችሁን አካውንቱን ሳይከፍት በጎግል ሊያየው ይችላልና እሱንም ከሴቲንግ አጥብቡት። የቀረውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሪኮመንዴሽኑ ይሂድ። እኔ ፋይል ላይ 30 ዓመት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ አንድ የምስጋና ወረቀት የጎደለበት ሰው ሥራ ሲያጣ አላየሁም። ሥራ የሚያሳጣው እንደኔ ያለ ሰው ስልክ አንሥቶ የሚናገረው ነው። ልጄ፣ የምትፈሪው ይኼን ንግግር ከሆነ ትክክል ነሽ። የምትፈሪውን ግን ዝም በማለት አታቆሚውም። አሁን ላለሽበት አለቃ ነገሩን ቀድመሽ ራስሽ ንገሪ፣ ስክሪንሾቱን ይዘሽ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል፤ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይኼን ያደረሰባት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። ያች የሞላሌ ልጅ ይኼ አልነበራትም።

ሊንክድኢንም ቢሆን ይኼን ቁልፍ ይዞ አልተወለደም። በፈረንጆች 2003 ተከፍቶ ብሎክ ማድረጊያ የጨመረው በ2014 ነው፤ እሱም አንድ ሰው የሚያሳድዳት ሴት የጀመረችው የፊርማ ማሰባሰብ ጫና ከበረታ በኋላ። አሥር ዓመት ሙሉ «ይኼ የባለሙያዎች ቦታ ነው» በሚል ሐሳብ ሰው በር ሳይኖረው ተቀምጧል። እኔስ «ደንበኛ ነው» አልነበር ያልኩት?

አንድ ነገር ግን ልቆጣ። ያልታወቀ ሰው ጥያቄ ሲልክላችሁ ለምንድን ነው ሁሉንም የምትቀበሉት? የተቀበላችኋቸው ሰዎች ከ500 በላይ ሲሆኑ ገጻችሁ ላይ ያለው ቁጥር «500+» ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ 501ም ሆነ 5,000 ለተመልካች አንድ ነው። የ23 ዓመት ልጅ «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ፤ የሚያስፈጽመው ሰው ማን እንደሆነ እንጃ። ወንዶቹ ደግሞ፦ ሴት ልጅ ፎቶዋን እዚያ የለጠፈችው ሥራ ፈልጋ ነው። «ቁርስ በላሽ?» የሚል መልእክት ለእናታችሁ ላኩ፤ እሷ ትጠብቃለች።

ይኼን ስል እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የመጣውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ሰው ይናፍቀኛል። አንድ የኢንሹራንስ ወኪል በየጠዋቱ የአበባ ሥዕል ይልክልኛል፣ ሁለት ዓመት ሆነው። ብሎክ አላደረግሁትም። ይሉኝታ ያዘኝ። ሚስቴ «ለሰው ትመክራለህ» ብላ ትስቅብኛለች። ልዩነቱ ግን እኔ እሱን አልፈራውም፤ አበባው ሲመጣ ሆዴ አይንቦጫቦጭም። የእናንተ ሆድ ሲንቦጫቦጭ ይሉኝታውን ተዉት።

ለልጅቷ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። «አያውቅም» አልኳት አይደል?

ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ሊንክድኢን ሲከፍትልኝ መጀመሪያ የጻፍኩት የዚያችን ኦፕሬተር ስም ነው። አገኘኋት። ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ሆናለች፣ የእኔን ሥራ ማለት ነው። የግንኙነት ጥያቄ ላክሁላት። ሳምንት ሙሉ ዝም። ምን እንደምላት ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት ይቅርታዬን በወረቀት ረቂቅ አድርጌ ስሟን ብጽፍ የለችም። ፊደሉን በእንግሊዝኛ ቀያይሬ ሞከርኩ። የለችም። «ገጿን ዘግታው ይሆናል» ብዬ የልጄን ስልክ ተቀብዬ ፈለግኋት።

አለች። ያው ፎቶ፣ ያው ሥራ።

«ማን ናት አባዬ?» አለ ልጄ።

«ስልክ ላይ ትሠራ ነበር።»

እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። «ከኔ ስልክ ልላክላት?»

«ተወው» አልኩትና ስልኩን መለስኩለት።