የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተሸጠ የትምህርት ቪዲዮ በየፍላሹ ሲዞር

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የምኖር የሂሳብ መምህርት ነኝ። ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን የሚያግዙ ቪዲዮዎች በግሌ አስቀርጬ፣ ክፍያውን በቴሌብር እየተቀበልኩ ለከፈሉት ብቻ በዝግ የቴሌግራም ቻናል እለቅላቸዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮዎቹ በሌላ ክፍት ቻናል በነፃ ተለቀቁ፤ መናኸሪያ አካባቢም በፍላሽ ይጫናሉ። የገረመኝ ነገር ቢኖር የሚዞረው ቅጂ እኔ ከለቀቅሁት የተሻለ ጥራት ያለው መሆኑና ኤዲት ሲደረግ ያስቆረጥሁት የመግቢያ ክፍል ሳይቀር በውስጡ መገኘቱ ነው። አሁን አንድ ድርጅት «ዲ.አር.ኤም. (ዲጂታል ይዘት ያለ ፈቃድ እንዳይቀዳ የሚቆልፍ ዘዴ) ስለምንጠቀም ማንም ሊቀዳው አይችልም» ብሎ ዓመታዊ ክፍያ ጠይቆኛል። ልክፈል? በሕግስ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ክፍያው ከመወሰንዎ በፊት ስለ ተቆረጠው መግቢያ የጻፉትን መልሰው ያጢኑት፤ የጉዳዩ ፍሬ እሱ ነውና። ያስቆረጡት ክፍል ያለበት ቅጂ ከገዢዎችዎ እጅ ሊወጣ አይችልም፤ እነሱ አግኝተውት አያውቁምና። ሊወጣ የሚችለው ከቀረጻው ካሜራ፣ ከኤዲቲንግ ቤቱ ኮምፒውተር ወይም ፋይሉ ከተመላለሰበት ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ነው። ይህን ስንል ባለሙያዎቹን በስርቆት መክሰሳችን አይደለም፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው በሚሠራበትና የደንበኛ ፋይል ለወራት ሳይጠፋ በሚቀመጥበት ቤት ማን እንደቀዳው ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ዲ.አር.ኤም. የሚቆልፈው ተጠናቆ ለሽያጭ የቀረበውን ቅጂ በመሆኑ፣ ድርጅቱ የጠየቀዎትን ገንዘብ ባለፈው ዓመት ከፍለው ቢሆን ኖሮም ይህ ጉዳት አይቀርልዎትም ነበር። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ከኤዲቲንግ ቤቱ ጋር በጽሑፍ መዋዋል ነው። ፋይሎቹ በእርስዎ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ እንዲሠሩ፣ ሥራው ሲያልቅ ከቤቱ ኮምፒውተር እንዲጠፉና ከዚያ ለሚወጣ ቅጂ ቤቱ ኃላፊነት እንዲወስድ በውሉ ይስፈር።

«ማንም ሊቀዳው አይችልም» የሚለውን ቃል ግን እኛ አንቀበለውም፤ እንዲህ ብሎ ለሚሸጥ ድርጅትም ገንዘብዎን እንዲሰጡ አንመክርም። አሠራሩን በአጭሩ ለመግለጽ፣ ቪዲዮው ተመስጥሮ ይቀመጣል፤ መፍቻ ቁልፉ ደግሞ ተመልካቹ የከፈለ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከአንድ የፈቃድ ሰርቨር ወደ ማጫወቻው ይላካል፤ ማጫወቻውም ቁልፉን ለተመልካቹ ሳያሳይ ምስሉን ይፈታል። በአንድሮይድ ስልኮችና በክሮም የሚሠራው ዲ.አር.ኤም. የጉግል ዋይድቫይን፣ በአይፎን የአፕል ፌርፕሌይ፣ በዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ፕሌይሬዲ ነው። ዋይድቫይን ራሱ ደረጃዎች አሉት። ኤል 1 በሚባለው ደረጃ ምስጢሩ የሚፈታው በስልኩ ፕሮሰሰር ውስጥ በተከለለ ክፍል ሲሆን፣ ኤል 3 በሚባለው ግን በተራ ሶፍትዌር ብቻ በመሆኑ ጥበቃው ደካማ ነው፤ እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ኤል 3 ብቻ ላላቸው ስልኮች ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ምስል ብቻ የሚልኩትም ለዚሁ ነው። ከተማሪዎችዎ ብዙዎቹ ርካሽ ስልክ የሚይዙ ከሆነ፣ ድርጅቱ ለኤል 3 ስልኮች ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይጠይቁት። ጥያቄው ካልገባው ወይም «ፋይሉን በኤ.ኢ.ኤስ. 128 (በተለመደው የምስጠራ ዘዴ) እናመሰጥራለን» ብቻ ብሎ ከመለሰልዎ የሚሸጥልዎት ዲ.አር.ኤም. ላይሆን ይችላል፤ ምስጠራ ብቻውን መፍቻ ቁልፉን ከፍሎ ከሚመለከተው ሰው አይሰውረውም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ነገር ሌላ ስልክ አስጠግቶ መቅረጽን የሚከለክል ቴክኖሎጂ የለም። የፊልም ኩባንያዎች ዲቪዲን የቆለፉበት ዘዴ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 ተሰብሯል። ቁልፉ የሚሰጥዎት ጊዜን ነው፤ ለእርስዎም ዋጋ ያለው ጊዜ ነው፤ ቪዲዮዎ ከፈተናው በኋላ ቢዞር የሚያደርስብዎት ጉዳት ከፈተናው በፊት ከሚያደርሰው ጋር አይተካከልም።

ስለዚህ በአነስተኛ ወጪ የሚከተለውን እንዲያደርጉ እንመክራለን። በቴሌግራም ቻናልዎ ላይ ይዘቱን ማስቀመጥንና ወደ ሌላ ማስተላለፍን የሚከለክለውን ማስተካከያ ያብሩ፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ አለ፤ ጠንካራ አይደለም፤ ግድየለሹን ቀጂ ግን ይመልሳል። ከዚያ በላይ የሚጠቅምዎት ዋተርማርክ ነው። በምስሉ ላይ ቦታውን እየለዋወጠ የሚታይ የገዢ መለያ ኮድ ካለ፣ የሾለከው ቅጂ ከማን እጅ እንደወጣ ራሱ ይናገራል፤ ተማሪውም ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። አንዳንዶች የገዢውን ሙሉ የስልክ ቁጥር ያስቀምጣሉ፤ ይህን ግን አንደግፈውም። ገና 18 ዓመት ያልሞላት ተማሪ ስልኳ ቢሰረቅባት ቁጥሯ በየቻናሉ እንዲዞር ማድረግ ተገቢ አይደለምና፤ ኮዱን ከቴሌብር ደረሰኙ ጋር እያያያዙ በራስዎ መዝገብ ቢይዙት ይበቃል።

በሕግ በኩል፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃውን የሚሰጥዎት ሥራው በመፈጠሩ እንጂ በመመዝገቡ አይደለም። ሆኖም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆንዎታል። ቪዲዮዎቹን በግልዎ ማዘጋጀትዎ ጥሩ ነው፤ በተቀጣሪነት ቢሠሩ ኖሮ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪዎ ይሆን ነበር። አዋጁ ሆን ብሎ መብት የሚጥስን ሰው በጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በፍትሐ ብሔርም ካሳ ያስጠይቃል። ክስ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ፈተናው ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ አስቀድመው የቻናሉን ስም፣ ሊንኩንና ቀኑን የሚያሳዩ የስክሪን ምስሎችን ያስቀምጡ፤ ከዚያም ለቴሌግራም የቅጂ መብት ጥሰት ማመልከቻ ይላኩ። ቴሌግራም እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚቀበለው በይፋ በሚታዩ ቻናሎች ላይ እንጂ በግል ውይይቶችና በግሩፖች ላይ አይደለም፤ እርስዎ የጠቀሱት ክፍት ቻናል በመሆኑ ይቀበልዎታል። በዩቲዩብም ከተገኘ በመደበኛው ቅጽ ያመልክቱ፤ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ እዚሁ ሐዋሳ ሙዚቃና ፊልም በፍላሽ እጭናለሁ። ፍላሹ የደንበኛው ነው፤ እኔ የምቀበለው የድካሜን ብቻ ነው። ደግሞም የተቆለፉትን አልነካም፤ ያለ ችግር የሚከፈቱትን ብቻ ነው የምጭነው። ጥፋት አለብኝ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አለብዎት። አዋጁ ማንም ሰው ለራሱ የግል አገልግሎት ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ አይከለክልም፤ ነገር ግን ይህ ፈቃድ ለሌላ ሰው በክፍያ እየቀዱ መስጠትን አይጨምርም፤ ክፍያውን የድካም ቢሉትም ያው ነው። የፍላሹ ባለቤት ማን መሆኑም ለውጥ አያመጣም። «አልተቆለፈም» የሚለው ምክንያትም አያስኬድም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 በመደብሩ ከሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ ቁልፉን ሲያነሳ የዘፋኞቹ መብት አብሮ አልተነሳም። ቁልፍ መብቱን የሚያስከብር አንድ መሣሪያ ነው፤ መብቱ ግን ያለ እሱም ይኖራል።

ሥራዎን ዝጉት አንልዎትም። ከላይ እንደ ጠየቁን መምህርት ያሉ የከተማዎ አዘጋጆች፣ ቅጂዎቻቸውን በታመነ ሱቅ በኩል መሸጥ የሚፈልጉ አሉ። በጽሑፍ ፈቃድ ያግኙ፤ ፈቃዱም የሥራውን ስም፣ የሚፈቀደውን የቅጂ ብዛት፣ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የእርስዎንና የባለመብቱን ድርሻ በግልጽ ይያዝ፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት አንድ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ።