ዳንስና ባዮሎጂን አብሬ ተምሬያለሁ፤ ለጠየቅሽው የማውቀውን ልንገርሽ

ሰላም እህቴ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደሆንሽ፣ በኪነት ቡድን ውስጥ ሦስት ዓመት እንደተወዛወዝሽ፣ ቤተሰብሽ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ሕክምና እንድትማሪ እንደሚፈልግ ጽፈሽ እንዲህ ጠየቅሽ፦ «አሜሪካ ባሉት ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ዳንስን ከሌላ ትምህርት ጋር መማር ይቻላል ወይ? ቢቻልስ ዕድሜ ማባከን አይሆንም?» እስካሁን መልስ ከሰጡት ግማሾቹ «ልብሽ ያለሽን አድርጊ» ብለውሻል፣ ግማሾቹ ደግሞ «አርፈሽ ሕክምናሽን ተማሪ»። ከሁለቱም ወገን እዚያ ክፍል ውስጥ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ያለ አልመሰለኝም። እኔ አራት ዓመት ቆሜያለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሺኝ።

ያደግሁት አዘዞ ነው። የተማርኩበት ኮሌጅ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ክረምቱ በማያልቅበት አገር የሚገኝ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው የምወቅስበት ነገር ስላለኝ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገርሽ፤ ጥያቄሽ ራሱ በእኛ አገር አሠራር የተቃኘ ነውና። እኛ ዘንድ ፈተና ትፈተኛለሽ፣ ትመደቢያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ያው ነው። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ማለት አንድ ሙያ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዘርፍ የሚያስተምር ኮሌጅ ነው፤ እዚያ ዋና ትምህርትሽን የምታሳውቂው በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። በአራት ዓመት የምትወስጂው ብዙ ጊዜ 32 ኮርስ ገደማ ሲሆን አንድ ዋና ትምህርት ከዚህ ውስጥ ሲሶውን ያህል ይወስዳል። ቀሪው ሌላ ዋና ትምህርት ለመጨመር፣ ወይም ከቋንቋም ከሒሳብም እየቀመሱ ለመሄድ ይበቃል። እኔ ዳንስና ባዮሎጂን እስከ መጨረሻው አብሬ ይዣለሁ። ስታመለክቺ ግን ቢኤ (የአርትስ ባችለር) እና ቢኤፍኤ (የሥነ ጥበብ ባችለር) የሚባሉትን ዲግሪዎች እንዳታደባልቂያቸው። ቢኤፍኤ ሙያተኛ ዳንሰኛ ለማውጣት የተዘጋጀ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜሽን ስቱዲዮ ውስጥ ያስውልሻል። ሊበራል አርትስ ኮሌጆች በአብዛኛው የሚሰጡት ቢኤ ነው። አንቺ «ከሌላ ትምህርት ጋር» ካልሽ የምትፈልጊው ይኸኛው ነው።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ሳምንት የዘመናዊ ዳንስ ክፍል ገባሁ። በሠርግም በጥምቀትም ያጨበጨበልኝ ሕዝብ በልቤ አለ፤ ጀማሪ ነኝ ብዬ አላሰብኩም። መምህርቷ በመካከላችን እየዞረች አንዳንዱን በጣቷ ትነካካለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ «ትከሻሽን ጣይው» አለችኝ። ጣልኩት። ተመልሳ መጣችና «ትከሻሽን ጣይው» አለች። አንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት ይህንኑ ቃል ስሰማ ከረምኩ። እስቲ አስቢው፣ የጎንደር ልጅ ትከሻዋን ጥላ ምን ሊቀራት ነው! እነሱ ትከሻ እንዲያርፍና ጀርባ እንዲረዝም ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ነፍሳችን ያለችው ትከሻችን ላይ ነው። በጣም ተናድጄ ነበር። አንድ ቀን ማታ መኝታ ቤቴ በር ዘግቼ ያለ ከበሮ፣ ያለ ማሲንቆ ለብቻዬ እስክስታ ወረድኩ፤ ከዚያም አለቀስኩ።

መልሱ የመጣልኝ ከባዮሎጂ ክፍል ነው። በሁለተኛው ዓመት ስለ ሰውነት አወቃቀር ስንማር ብራኳችን፣ ማለትም ከትከሻ ኋላ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት፣ ከተቀረው የደረት አፅም ጋር በአጥንት የሚገናኘው ከፊት ባለችው ቀጭን የትከሻ አጥንት በኩል ብቻ መሆኑን አየሁ። ሌላው ሁሉ ጡንቻ ነው። ብራኳ የጎድን አጥንት ላይ ይንሸራተታል እንጂ አልተቸነከረም። እስክስታ የሚቻለው ለዚህ ነው። ወዲያውኑም መምህርቷ ምን እንደምትፈልግ ገባኝ፦ ጡንቻውን ሁልጊዜ ወጥሬ ስለምይዘው እንቅስቃሴዬ አንድ ዓይነት ብቻ ሆኖ ነበር። መጣል ስችል እስክስታዬም ተሻሻለ። ይጠፋብኛል ብዬ የፈራሁት ነገር ጠራልኝ። እንግዲህ ሰዎች «ዳንሱ ባያዋጣ ሌላው ይይዝሻል» ሲሉሽ ሁለቱን እንደ ሁለት ኪስ አድርገው ነው የሚያዩት። እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ነው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ያልገባኝ ሌላው ክፍል ውስጥ ይገባኝ ነበር።

ይህ የኔ ግኝት እንዳይመስልሽ። በዳንስ ታሪክ ክፍል የተማርኩት ነገር አስቆኛል። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የዳንስ ዲግሪ ትምህርት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1926 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያቋቋመችው ማርጋሬት ዶብለር ራሷ የተመረቀችው በባዮሎጂ ነበር። ክፍሏ ውስጥ የሰው አፅም አቁማ ታስተምር ነበር አሉ። ዳንስ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው በሴቶች የሰውነት ማጎልመሻ በኩል ነው እንጂ በቲያትር በር አይደለም። ትንንሾቹ ኮሌጆችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ቤኒንግተን እ.ኤ.አ. በ1934 የጀመረው የበጋ የዳንስ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ዘመናዊ ዳንስ ስመ ጥሮች የተሰባሰቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ዳንሰኛው ስቲቭ ፓክስተን ኦበርሊን ኮሌጅ ውስጥ ወጣት ወንዶችን በትግል ምንጣፍ ላይ እርስ በርስ እንዲጋጩ፣ እንዲወድቁና እንዲተቃቀፉ አድርጎ ያሳየው ትርኢት ኮንታክት ኢምፕሮቪዜሽን ለሚባለው ዳንስ መነሻ ሆነ።

ይህን ስሙን እንዲሁ አልጠቀስኩትም፤ ትጋፈጭዋለሽና። ክብደትሽን በማታውቂው ሰው ጀርባ ላይ ጥለሽ የምትንከባለይበት ትምህርት ነው። እኔ ሰላምታ ስሰጥ እንኳ ዐይኔን ሰበር ማድረግ የተማርኩ ልጅ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሆዴን አመመኝ እያልኩ ቀረሁ። በመጨረሻ ለመምህሩ እውነቱን ነገርኩት፤ ከሴቶች ጋር ብቻ እንድጀምር ፈቀደልኝ። መናገር ይቻላል፣ አያፍሩብሽም። የጾሙን ነገር ደግሞ አትጨነቂ፤ ሥጋም ወተትም የማይበሉ ተማሪዎች ሞልተዋል፣ የመመገቢያ አዳራሹ በሁዳዴም አያስርብም። ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ልምምድ መግባት ግን ከባድ ነው፤ እኔ ስላልቻልኩት ለንስሓ አባቴ በስልክ ተናገርኩ። ያሉኝ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር።

ወቀሳዬ ይኸውልሽ። የኮሌጄ የዳንስ ክፍል በድረ ገጹ ላይ «የዓለም ዳንሶች» የሚል ሰፊ ርእስ ነበረው። ስደርስ ባሌትና ዘመናዊ ዳንስ በየቀኑ ጠዋት ይሰጣሉ፤ «የአፍሪካ ዳንስ» የሚባለው አንድ ኮርስ ሐሙስ ማታ ነው፣ እሱም ከምዕራብ አፍሪካ ብቻ፣ ለዋናው ትምህርትም የማይቆጠር። አንድ ጊዜ እኔን አስነስተው «የአገርሽን ዳንስ አሳዪን» አሉኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ጎንደርን ላሳይ፣ ወሎን፣ ጎጃምን፣ ጉራጌን? አሳየሁ፣ አጨበጨቡ፣ ቀጥሎ ወደ ማሟሟቂያው ተመለስን። ስለዚህ ኮሌጅ ስትመርጪ የሚያማምሩትን ፎቶዎች ተይና የትምህርት ሰሌዳውን ፈልገሽ አንብቢ። ከአፍሪካ የመጣው ዳንስ ስንት ሰዓት ተሰጥቶታል? ለዋናው ትምህርት ይቆጠራል? የሚያስተምረው ቋሚ መምህር ነው ወይስ ለአንድ ወቅት የተጋበዘ? እዚያ ቤት ዳንስ የሚባለው ምን እንደሆነ ይህ ይነግርሻል።

ይህ ንዴት ግን ጠቅሞኛል፤ ቤተ መጻሕፍት አስገባኝ። ሃንጋሪያዊው ማርቲን ስለ ኢትዮጵያ የዳንስ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመውን ጥናት፣ ቲቦር ቫዳሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጻፋቸውን ተከታታይ ጽሑፎች አገኘሁ። የራሴን አገር ውዝዋዜ በባዕድ ሰው ብዕር ተበትኖና ተቆጥሮ ሳየው ደስም አለኝ፣ ቀናሁም። የመመረቂያ ሥራዬን ስለ እስክስታ ልጽፍ አስቤ ለእረፍት ጎንደር መጣሁ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ አቋቋም ያስመሰከሩት እዚሁ በአታ ነው። ዝማሜውን፣ መረግዱን፣ ጽፋቱን፣ ወረቡን እንዲያስረዱኝ ጠየቅኋቸው፤ መቋሚያው የት እንደሚያዘነብል፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚመታ። መጀመሪያ ተቆጡ። «ይህ ሽብሸባ ነው እንጂ ጭፈራ አይደለም፤ ከዳንስሽ ጋር እንዳታደባልቂው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያ ቁጣ የጽሑፌ ዋና ሐሳብ ሆነ፦ እነሱ ሁሉንም በአንድ ቃል ዳንስ ይሉታል፤ እኛ ግን ሽብሸባ፣ ጭፈራ፣ ውዝዋዜ፣ እስክስታ እያልን ማን፣ የት፣ ለማን እንደሚያደርገው እንለያለን። አጎቴ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስረዱኝ። የዜማውን፣ የቅኔውን፣ የአቋቋሙን ቤት ሁሉ ያዳረሱ ሰው ናቸውና «ኮሌጅሽ ብዙ ቤት አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያለው» ሲሉ ሳቅሁ። እኔ ለፈረንጅ ሳስረዳ እንኳ እንዲህ አሳጥሬ መግለጽ አልችልም ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ቁርጡ ያለው እዚህ ነው። ብዙዎቹ እነዚህ ኮሌጆች ምግብና መኝታ ጨምሮ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። አትደንግጪ፤ ከድሃ ቤተሰብ የሚመጣ ተማሪ ይህን የሚከፍለው የለም፤ እርዳታ ካገኘ ነው የሚሄደው። አብዛኞቹ የውጭ አመልካች ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን ከግምት ያስገባሉ። አምኸርስትና ቦውዶይን ግን አቅም ሳያዩ ይመርጣሉ፣ ከተቀበሉ በኋላም የጎደለውን ይሸፍናሉ፤ ሁለቱም የቲያትርና ዳንስ ክፍል አላቸው። መግባቱ ግን እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው። አምኸርስት አካባቢ ያሉ አምስት ተቋማት ተማሪዎቻቸው እርስ በርስ ኮርስ እንዲወስዱ ያደርጋሉ። ከነሱ መካከል ስሚዝና ማውንት ሆልዮክ የሴቶች ኮሌጆች ናቸው፤ ይህን ለአባትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ይረዳሻል። የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ሙሉ ወይም ሙሉ ለመሆን ጥቂት የቀረው እርዳታ ካላገኘሽ አትሂጂ። መሬት ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ዳንስ መማር የለም። ተቀባይነት ካገኘሽ በኋላም ከቪዛው ክፍያ ሌላ ሴቪስ የሚባል የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ 350 ዶላር አለ፤ እኛ ቤት እሱን ለማግኘት ዕቁብ ቀድሞ ወጥቷል።

ማመልከቻው በአብዛኛው የሚዘጋው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም በገና ዋዜማ ነው። ገና ሲደርስ መብራትም ኢንተርኔትም ይጠፋል ብለሽ ገምቺና በኅዳር ጨርሺ። ብዙዎቹ የዳንስ ቪዲዮ ይቀበላሉ። የሠርግ ቪዲዮ አትላኪ። የኪነት ቡድኑ ትርኢትም አይሆንም፤ ከአሥራ ሁለቱ የትኛዋ እንደሆንሽ ማን ያውቃል? ብቻሽን፣ በቀን ብርሃን፣ ካሜራውን አንድ ቦታ አቁመሽ፣ ሳታቆራርጪ ቅረጪ። ፋሲል ግንብን ከኋላ ማድረግ የሚያጓጓ ነገር ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ በቪዲዮው ላይ ግንቡ ከእኔ በልጦ ታይቷል።

ስለ ቤተሰብሽ ብዙ አልልም። አክስቴ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብላኝ ነበር። ጎንደር አዝማሪ የሌለበት ሠርግ አትሠርግም፤ ልጇን ለአዝማሪ ስጪ ብትባል ግን ወየው! ይህን ክርክር ማሸነፍ አልቻልኩም። ባዮሎጂው አፋቸውን ዘጋልኝ፣ አልዋሽሽም። ለሥራም ረድቶኛል። የውጭ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ በሙያው አሥራ ሁለት ወር እንዲሠራ ይፈቀድለት ነበር፤ ባዮሎጂን ለመሰሉ የሳይንስ ዘርፎች ሌላ ሃያ አራት ወር ይጨመር ነበር፣ ዳንስን ብቻ ለተማረ ግን አይጨመርም ነበር። ሕጉ ስለሚለዋወጥ ስትደርሺ አጣሪ።

አሁን ጎንደር ነኝ። ጠዋት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ደመወዜ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ተከራይቼ አሥራ ስድስት ልጆች አሠለጥናለሁ፤ ከኪራዩ የሚተርፈው ለማስቲካ አይበቃም። ሕክምና ብትማሪ ከእኔ የተሻለ እንደምትኖሪ እርግጠኛ ነኝ። ሕክምናውን የምትወጂው ከሆነ እዚሁ ተማሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ነይ። ዳንሱ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን ሁለቱንም ሞክሪ፤ ማመልከት እዚህ ፈተና ከመፈተን አያግድሽም።

ቪዲዮውን ስትቀርጪ በውስጥ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። እግርሽ ካልታየ ግን መልሼ ነው የምልክልሽ።