መልስ፦ ኖታ የማታነብ ልጅ ከአዝማሪ ምን ትማራለች?

ሰላም እህቴ። ልጅሽ በዚህ ክረምት ደብረ ብርሃን ወደሚካሄደው የሙዚቃ ካምፕ ልትሄድ ነው፣ አስተማሪዎቹ ደግሞ አዝማሪዎች ናቸው፤ ኖታ ሳታውቅ ዘፈንና ግጥም መማር ትችላለች ወይ ብለሻል። በደንብ ትችላለች። ላኪያት።

አዝማሪ የሚያስተምረው በጆሮ ነው። እሱ ያዜማል፣ ልጅቷ ትቀበላለች፣ እሱ ደግሞ ያርማታል። መጀመሪያ አራቱን ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸውን የድምፅ ስብስቦች)፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ለይታ ትስማ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ስለሆኑ ጆሮ ቶሎ ይለምዳቸዋል። አንቺ ሆዬ ካስቸገራት አትደንግጥ።

ትልቁ ነገር ግን ግጥሙ ነው። አዝማሪ ባለበት «ተቀበል!» ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ አይደል? አንዱ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ከዚያ የራሱን ይጨምርበታል። ልጆቹም ተራ በተራ እንዲህ ቢያደርጉ ከየትኛውም የወረቀት ትምህርት በላይ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ቤት መምታትን፣ ስንኝ መመጠንንና ሰው ፊት አለመፍራትን በአንድ ጊዜ ይማራሉ። ሰምና ወርቁ ይቆይላት። መጀመሪያ ስለምታውቀው ነገር፣ ስለ መንዝ ብርድም ሆነ ስለ ሰፈሯ፣ ቀጥ ያለ ሁለት ስንኝ ትግጠም።

አስተማሪዎቹን አስፈቅዳ በስልኳ ትቅዳ፣ ማታ ማታ እየሰማች ትለማመዳለች። ማሲንቆ አሁን አትግዢላት፣ እዚያ ሞክራ ትምረጥ። ደግሞ ወፍራም ጋቢ አስይዢያት። ከተማው ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ በብርድ የተዘጋ ጉሮሮ ደግሞ አይዘፍንም።