የሞተ ደጋፊያችንን እንዴት እናስበው?
የአንድ ደቂቃ ዝምታ ይበቃል ወይ ላልከው፣ እኔ ጭብጨባ ይሻላል ባይ ነኝ። ልጁ 34 ዓመቱ ከነበረ 34ኛው ደቂቃ ላይ ስታዲየሙ ተነስቶ ያጨብጭብለት፣ እንግሊዞች እንዲህ ማድረግ ለምደዋል። ዝምታን አንድ ሰካራም በፉጨት ያበላሸዋል።

ስም የምታስቀርጹ ከሆነ ባዶ ቦታ ተዉ። ሊቨርፑል በሂልስብራ ስታዲየም በሕዝብ መጨናነቅ የሞቱ ደጋፊዎቹን ለዓመታት 96 ብሎ ሲያስብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያ የተጎዳ አንድ ደጋፊ በ2021 ሲያርፍ ቁጥሩ 97 ሆነ፣ ማሊያው ላይ ያለውም ተቀየረ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኛ ጋ በማይክ ያነበበው ሰው የሟቹን የአባት ስም ሳተ፤ እናትየው እዚያው ትሪቡን ላይ ተቀምጠው ነበር፣ እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። የሚነበበውን ወረቀት አስቀድማችሁ ለቤተሰቡ አሳዩ።