«4 ዓመት ካለፈ በኋላ ማሽኑ ምን ይፈይዳል?»

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከመታቸው 4 ዓመት ሆናቸው። በከዘራ ይሄዳሉ፤ ግን ግራ እግራቸው ይጎተታል፣ ጣታቸው ምንጣፍ ይይዛል። «ከ6 ወር በኋላ ለውጥ የለም» ተብለን ትተነው ነበር። ሰሞኑን ወንድሜ ከጀርመን ጡንቻ የሚያነቃቃ የኤሌክትሪክ ማሽን ላከ። አባቴ ደግሞ «ኮረንቲ አልነካም» ብለዋል። ዶክተር፣ ምን ይሻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ዶክተር እንኳ አይደለሁም፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የ6 ወሯን ወሬ እኔም በየቀኑ እሰማለሁ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል ማለት ግን አይደለም። ከዓመታት በኋላም በልምምድ አካሄዳቸው የተሻሻለ ሰዎች አሉ።

ስትሮክ የጎዳው አንጎላቸውን ነው። የእግራቸው ነርቭ ደህና ነው፤ ትእዛዝ ነው የማይደርሰው። ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ጎላ ያለች አጥንት አለች፣ ዳብሻት። እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ እዚያ ጋ ከቆዳ ሥር ነው የሚያልፈው። ከማሽኑ ሽቦ ጋር የሚያያዙት ተለጣፊዎች ፓድ ይባላሉ፤ አንዱ ፓድ እዚያ ይለጠፋል፣ ሌላው ቅልጥማቸው ላይ ካለው ጡንቻ። ማሽኑ ሲበራ እግሩም ቀና ይላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሊበርሰን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጽፈውበታል። የእነሱ ማሽን በታማሚው ጫማ ውስጥ የሚቀመጥ ማብሪያ ነበረው፤ ተረከዝ ሲነሳ ይበራል፣ መሬት ሲነካ ይጠፋል።

ስለዚህ ካርቶኑን እይው። «ቴንስ» (TENS) ብቻ የሚል ከሆነ በዋናነት ለሕመም ማስታገሻ የተሠራ ነው። እርምጃን የማይከተል ከሆነም ተቀምጦ ጡንቻ ለማሠራት እንጂ ለመራመድ አይሆንም። እኔን የሚያናድደኝ ፓድ ለጥፎ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ነው! ዋናው ነገር መራመዱ ነው።

ፔስሜከር (ደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ) ካላቸው፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው፣ እግራቸው ውስጥ የረጋ ደም ወይም ቦታው ላይ ቁስል ካለ ሐኪም ሳያይ አትንኩት። ስኳር ካለባቸውና እግራቸው የሚደነዝዝ ከሆነ ቆዳቸው ሲቃጠል ላይሰማቸው ይችላል።

ኮረንቲውን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ በባትሪ የሚሠሩ ናቸው። እኔ መጀመሪያ በራሴ እግር ላይ አሳያለሁ፣ ቀጥሎ በልጃቸው። አንድ ጡረተኛ ሹፌር ጉንዳን እንደወረረው ሰው ፊቱን አጨማዶ ቆየና እግሩ ቀና ሲል «የያዘው ፍሬን ለቀቀ!» አለኝ።

ባይስማማቸውም አትዘኑ። ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ አለ፤ ጥናቶች ሲያወዳድሯቸው በአካሄድ ፍጥነት ብዙም አይበላለጡም። በዋጋ ግን ድጋፉ ይረክሳል።

ወደ ፊዚዮቴራፒስት ስትሄዱ ደግሞ አዲስ ጫማ አታድርጉላቸው። የሚያዘወትሩትን አሮጌውን አድርገው ይሂዱ፤ የግራው ጫፍ የት ጋ እንደተበላ ማየት እግራቸው እንዴት እንደሚጎተት ይናገራል።